የግሽ ዓባይ በርበሬ

«እማ፣ ማውሱን እንዲህ አንቀሽ አትያዢው። የሚያመልጥ ነገር አይደለም።»

ያምሮት ይህን ያለችው በሹክሹክታ ነበር። እናቷ ፍሬ ግን አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ መለሰችላት።

«ዝም በይ አንቺ! ስድስት ፍየል ባንድ ገመድ የነዳሁ ሴት፣ ይቺ ታቅተኛለች?»

አጠገቧ የተቀመጠው ላቀው ሳቀ። ላቀው ከሱዳን ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም፤ ዐረብኛው እንደ ወንዝ ይፈሳል፣ የአማርኛ ፊደል ግን ከፍሬ እኩል ከሀ ሁ ነው የጀመረው። በቡሬው ቀበሌ አዳራሽ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጠው ትምህርት እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉ ይሰበስባል። ከውጭ የተመለሰ፣ ከገጠር የገባ፣ አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ። ፊደሉም፣ አማርኛውም፣ ኮምፒውተሩም እዚያው ነው። ፍሬ ራሷ ከሦስት ዓመት በፊት ከባንጃ ገጠር ስትመጣ ከአዊኛ በቀር ሌላ አታውቅም ነበር።

ዛሬ ፈተና ነው። የገበሬዎች ዩኒየን ከዚህ ክፍል አንድ የመጋዘን መዝጋቢ እቀጥራለሁ ብሏል። አሥራ ሁለት መስመር ያለው የምርት ዝርዝር ከወረቀት እያዩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ፤ በቃ። ፍሬ ሥራውን ካገኘች ከነጋዴ መጋዘን በርበሬ ለቀማ ትገላገላለች። ከዚያ ስትመጣ ዓይኗ ከበርበሬው ብሶ ቀልቶ ነው።

ያምሮት ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የአዳራሹ ረዳትም እሷው ናት። ኮምፒውተር ሲደርቅ የምታስነሳ፣ ወረቀት የምታባዛ። ትናንት መምህር ዘመኑ የፈተናውን ወረቀት እንድታባዛ ላኳት። እሷም አባዛች። ከዚያ ደግሞ ያልታዘዘችውን ሠራች፤ ዝርዝሩን በሙሉ ጻፈችና እናቷ በምትቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ ደበቀችው። እናቷ የምታውቀው ነገር የለም። ያምሮትም ይህን ማታለል ብላ አልጠራችውም። «እገዛ» አለችው፣ ለራሷ።

ከዩኒየኑ የመጡት ፈታኝ ወይዘሮ ሠርክአዲስ ሰዓታቸውን አይተው «ጀምሩ» አሉ።

ላቀው ስምንተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ፍሬ ገና ስድስተኛውን መጨረሷ ነው። በሁለት ጣት፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ አንዷን ፊደል ፈልጋ፣ አግኝታ፣ ጠቅ። ያምሮት ጥፍሯን ስትበላ ቆየች። መምህር ዘመኑ ወደ መስኮቱ ሲዞሩ ግን ብድግ አለች።

«የእማ ኮምፒውተር ደረቀ መሰለኝ፤ ልየው» አለች ጮክ ብላ።

ሄዳ ማውሱን ያዘች። የደበቀችው ፋይል ላይ ደረሰች። አንድ ጠቅታ ነው የቀራት።

ፍሬ የልጇን እጅ እንደ ዝንብ ገፋ አደረገችና የራሷን እጅ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አነሣች።

«እሜቴ፣ ሰባተኛዋ መስመር ትክክል አይደለችም።»

ላቀው ከኮምፒውተሩ ቀና አለ።

«ምን ሆነች?» አሉ ወይዘሮ ሠርክአዲስ።

«ከግሽ ዓባይ የመጣ ደረቅ በርበሬ፣ አርባ ኩንታል ትላለች። ግሽ ዓባይ ብርድ ነው። ድንች ቢሉኝ እሺ፣ ገብስ ቢሉኝ እሺ። በርበሬ ከየት አምጥቶ? ይሄን ያህል በርበሬ ከሽንዲ ነው የሚመጣ።»

«በምን አወቁ?»

«ሦስት ዓመት ለቅሜው! የሽንዲውን ዓይኔን ጨፍኜ ብይዘው አውቀዋለሁ። አሁን ምን ላድርግ? ያየሁትን ስሕተት ዝም ብዬ ልጻፍ?»

«እኔማ ጽፌዋለሁ» አለ ላቀው። «የግሽ ዓባይ ሰው በእኔ ምክንያት በርበሬ አገኘ።»

ሰዉ ሳቀ። ወይዘሮ ሠርክአዲስ ወረቀታቸውን አዩት። ሆን ብለው ያስገቡት ይሁን ወይም ተሳስተው፣ ፊታቸው አልተናገረም።

«ከጎኑ ‹ይጣራ› ብለው ይጻፉና ይቀጥሉ» አሉ።

ያምሮት አልሳቀችም። ያቺን ሰባተኛ መስመር ትናንት በራሷ ጣት ጽፋታለች። ግሽ ዓባይ፣ በርበሬ፣ አርባ። በኅብረተሰብ ትምህርት ከመቶ ዘጠና አምስት የምታመጣው ልጅ፣ በፍጥነቷ የምትኮራው ልጅ፣ ምንም ሳይታያት አልፋው ነበር። ማውሱን መልሳ ያዘችና የደበቀችውን ፋይል አጠፋችው።

«አልደረቀም፤ ደኅና ነው» ብላ ሄደች።

ሰዓቱ ሲያልቅ ላቀው አሥራ ሁለቱን ጨርሷል፤ ፍሬ አሥር ላይ ናት። ወይዘሮ ሠርክአዲስ ሁሉንም አንድ በአንድ ተመለከቱ። የፍሬን ደግመው አዩት።

«ወይዘሮ ፍሬ፣ ቢሮ ይግቡና እንነጋገር።»

ያምሮትም አብራ ተነሣች። ጤና ጣቢያም ሆነ ባንክ የእናቷ አፍ እሷ ነበረች።

«አንቺ ወዴት ነው?» አለች ፍሬ።

«ላስተረጉምልሽ ነዋ።»

«ለማን? ቁጭ በይ፣ የኔ አስተርጓሚ።»

ፍሬ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። በሩ በደንብ አይዘጋም፤ ድምፅ ያሳልፋል። የእናቷ አማርኛ አዊኛው አልለቀቀውም፣ ግን አይደናቀፍም። ትጠየቃለች፣ ትመልሳለች፣ ደግሞ እሷም ትጠይቃለች። ደመወዙን ሳይሆን ሚዛኑን ማን እንደሚያየው ነበር የጠየቀችው። ወይዘሮ ሠርክአዲስ ሲስቁ ተሰማ። ያምሮት ሳታውቀው ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ‹ያቺ እኮ እናቴ ናት› ልትለው ቃጣት።

ደስታዋ ግን አንድ ነገር ጎረበጠው። ዝርዝሩን ቀድሞ ጽፎ የደበቀ ሰው በዚህ አዳራሽ እንደነበረ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። እናቷ ከዚያ በር ስትወጣ ይህ ነገር ኋላ ተሰምቶ በእናትየዋ ላይ እንዳይለጠፍ ፈለገች። መናገር ደግሞ ረዳትነቷን ሊያሳጣት ይችላል።

መምህር ዘመኑ የኮምፒውተር ገመድ ይጠቀልሉ ነበር። ያምሮት ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«መምህር፣ ትናንት ወረቀቱን ሳባዛ ያደረግሁት ነገር አለ። እማ አታውቅም። ሳትወጣ ልንገርዎት።»

መምህር ዘመኑ ገመዱን አስቀመጡና ወንበር ሳቡላት።