የሙቀጫ ቅልጥም በቁመት አይለካም

ስሟን ብትጠይቁ የሚነግራችሁ አታገኙም። በግልቢያ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሁሉም የሚጠራት «አሻፈረኝ» እያለ ነው። እምቢ ካለች እምቢ ናት፤ ወይ ፍንክች! የትምህርት ቤቱ ባለቤት ታላቅ ወንድሟ ነው። እሱም በተናደደ ቁጥር በዚሁ ስም ይጠራታል። እሷ ግን ስትደሰትም ስትቆጣም «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች።

ሥራዋ ፈረሶቹን ማሰናዳት ነው። ጠዋት ጠዋት ጋጣውን ትጠርጋለች፣ ገላቸውን በብሩሽ ትፈትጋለች፣ ሰኮናቸውን አጽድታ ኮርቻ ትጭናለች። በመጨረሻም የፊት እግሮቻቸው ላይ ሰማያዊውን የቅልጥም መከላከያ ታስራለች። መከላከያው ውስጡ ስፖንጅ ያለው፣ ከጉልበት በታች ቅልጥሙን ዙሪያውን የሚሸፍን ነገር ነው። ፈረስ ሲሮጥ የኋላ ሰኮናው የፊት እግሩን እንዳይመታው ያግዛል። ደግ ነገር ነው። ግን ደግ ነገርም ልክ ካልሆነ ጠላት ይሆናል፤ የዛሬው ጨዋታችንም ስለዚሁ ነው።

ከሰባቱ ፈረሶች አንዱ ሙቀጫ ይባላል። ከሁሉም አጭር፣ ከሁሉም ደንዳና ነው፤ ስሙንም ያገኘው በእግሩ ውፍረት ነው። ልጆች ግልቢያ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚወጡት እሱ ላይ ነው። ቢጮሁም ቢያለቅሱም ጆሮውን ነቅነቅ አድርጎ ይተዋቸዋል። በስምንት ዓመት አንድም ልጅ ጥሎ አያውቅም ነበር።

በዚያ ሰሞን ግን ሙቀጫ መሰናከል ጀመረ። አንድ ቀን ሜዳው መሃል ተንበረከከ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ተደናቅፎ የባለቤቱን የገዛ ልጅ ጣላት፤ የልጅቷ አገጭ ተላጠ።

«በቃ፣ አበቃለት» አለ ወንድምየው። «በልቶ በልቶ ሰነፈ። የወላጆች ቀን ይለፍ እንጂ ድንጋይ የሚያመላልሰው ባለጋሪ ይወስደዋል። ተነጋግረን ጨርሰናል።»

አሻፈረኝ ክው አለች። ባለጋሪውን ታውቀዋለች። እሱ ዘንድ የገባ ፈረስ ዓመት አይሞላውም።

የዚያን ቀን መከላከያውን ፈትታ እጇን ቅልጥሙ ላይ ብታሳርፍ ይፋጃል። ጠጉሩን ገለጥ ስታደርግ ማሰሪያው ያረፈበት ቦታ ዙሪያውን ሰርጉዷል፤ ቆዳው ቀልቷል። ሙቀጫ እግሩን ሸሸት አደረገ። በየቀኑ ያሰረው ማን ነው? እሷ! ማሰሪያው አልደርስ ሲላት ጥርሷን ነክሳ እየሳበች ያጠበቀችውም እሷው ናት። አፈረች፤ ጋጣው ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወንድሟ ቢሮ ገባች።

«ወንድም ጋሼ፣ ፈረሱ አልሰነፈም። መከላከያው ጠቦታል።»

«አዲስ እኮ ነው! ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ይሁን ብዬ ነው ያስመጣሁት። ለረጅሙ ትልቁ፣ ለአጭሩ ትንሹ። ሙቀጫ አጭር ነው፤ አለቀ።»

«ቅልጥሙን ለክተኸዋል?»

«አጭርነቱ እየታየ ምኑ ይለካል?»

«እግሩ ቆስሏል እያልኩህ!»

«ጠበቅ ካላለ እየሮጠ ይወልቃል። አዲስ ጫማም መጀመሪያ ይቆነጥጣል። ይለምደዋል፣ ትንሽ ይታገስ።»

«ኤዲያ! ያልተነካ ግልግል ያውቃል!» ብላ በሩን በላዩ ላይ ድርግም አድርጋ ወጣች።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እንዲህ ያላልን ማን አለ? ልጃችን ጫማው ጠቦት ሲያነክስ «ይለምድሃል» ብለን ያላለፍን እጃችንን እናውጣ። ልጅስ አፍ አለው፣ አልቅሶ ይነግረናል። ፈረስ በምን አፉ ይናገር? የሚናገረው በመሰናከል ነው። እኛ ደግሞ «ሰነፈ» ብለን እናርፈዋለን።

በማግስቱ አሻፈረኝ ሲባጎ ይዛ የፈረሶቹን ቅልጥም ዙሪያውን ለካች። ጉድ ነው! የሙቀጫ ቅልጥም ከግቢው ረጅሙ ፈረስ፣ ከመቃ እንኳ በሁለት ጣት ይበልጣል። እሰይ ብላ የመቃን ትልቁን መከላከያ አምጥታ ለሙቀጫ አሰረችለት። ማሰሪያው እስከ መጨረሻው ሲለቀቅ ዙሪያው ልክክ አለ። ደስ ብሏት ወደ ሜዳው ሳበችው። ምን ያደርጋል፣ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ጉልበቱን ማጠፍ አቃተው። ለረጅም እግር የተሠራው መከላከያ ጫፉ ጉልበቱ መታጠፊያ ድረስ ደርሶ ይወጋዋል።

ወንድሟ በመስኮት ያያት ነበር። «አየሽ?» አለ እየሳቀ። «ትንሹም አልሆነ፣ ትልቁም አልሆነ። የተበላሸው ፈረሱ ነው!»

አስተማሪዎቹም አብረውት ሳቁ። ሌላ ሰው ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወው ነበር።

«ተሳስቻለሁ!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ዙሪያውን ለክቼ ርዝመቱን ረሳሁ። አሁን ሁለቱንም እለካለሁ። ፈረሱን ግን አሻፈረኝ፣ አላስወስድም!»

በመጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ጠራች። ሐኪሙ ቅልጥሙን ዳብሶ «አጥንቱ ደህና ነው፤ እብጠቱ እስኪጠፋ አይጋለብ» አላት። እሷም በቀን ሦስት ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሰችበት አሳረፈችው። ከዚያ ሁለት ሲባጎ ይዛ ግቢው በር ላይ ወደሚሠሩት ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ሄደች።

«ስንት ቁጥር ያደርጋል?» አሏት እየቀለዱ።

«ይሄ ውፍረቱ፣ ይሄ ርዝመቱ። ወፍራም ነው፣ አጭርም ነው። ሱቅ ውስጥ እንደሱ ያለ አጣሁ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ሲባጎዎቹን ጎን ለጎን ዘርግተው አዩአቸው። «ልጄ፣ አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ። እግር ሲሳሳት አይቼ አላውቅም። የሚሳሳተው ጫማው ነው።»

ከአሮጌ ቡናማ የቆዳ ሻንጣ ሰፋ ያለና አጠር ያለ መከላከያ ሠሩላት፤ ውስጡን ለስላሳ ስፖንጅ አለበሱት። «ማሰሪያዎቹን እኩል ሳቢ» ብለው መከሯት። «አንድ ጣትሽ በስሱ ካልገባ ጠቧል። ዞር ዞር ካለ ደግሞ ሰፍቷል፤ አፈር እየገባ ይፈገፍገዋል። እግሩንም ውስጡንም አጽድተሽ እሰሪ፤ ግልቢያው ሲያበቃ ወዲያው ፍቺው።»

እብጠቱ ከጠፋ በኋላ አሰረችለት። ሙቀጫ አንዴ እግሩን አንሥቶ አራገፈ። ከዚያ ሜዳውን ሁለት ዙር ዞረ፤ አንዴም አልተሰናከለም። ወንድሟ ግን ሊያይላት አልፈለገም። እሱ ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚል ሰው ነው።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ወንበር ተደርድሯል፣ ሰው ሞልቷል። ስድስት ፈረሶች በሰማያዊ ተሰልፈዋል። ሙቀጫ ብቻ ቡናማውን አድርጎ ከኋላ ቆሟል፤ አገጯ ያገገመላት የባለቤቱ ልጅ ልጓሙን ይዛለች። ከአጥሩ ወዲያ ባለጋሪው ገመዱን ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ይጠብቃል። ወንድምየው አዲስ ሙሉ ልብሱን ለብሶ እያላበው መጣ።

«ይሄ ቡትቶ ምንድን ነው? በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው? ሰማያዊውን እሰሪለት! አለዚያ አሁኑኑ ባለጋሪው ይውሰደው!»

«አሻፈረኝ።»

«አለቃሽ እኔ ነኝ!»

«አለቃዬም ነህ፣ ታላቄም ነህ። ግን ወንድም ጋሼ፣ የለበስከውን ሱሪ በቁመትህ ነው የገዛኸው?»

በአቅራቢያው የነበሩ ወላጆች ዘወር አሉ። ወንድምየው እንደ እህቱ፣ እንደ ዘመዶቻቸው ሁሉ አጭርና ደንዳና ነው።

«ወገብህን አስለክተህ ነው የምትገዛው» አለች። «እግሩን እኔ ነኝ የማሳጥርልህ፤ ስንት ዓመቴ! አንድ ሰው መጥቶ ‹አጭር ነህና የልጅ ሱሪ ይበቃሃል፣ ትንሽ ታገስ፣ ትለምደዋለህ› ቢልህ ትለብሳለህ? ብታባርረኝ እሄዳለሁ። ሰማያዊውን የሚያስርለት እጅ ግን የእኔ አይደለም!» የሙቀጫን ሰማያዊ መከላከያዎች ከዕቃ ቅርጫቷ አውጥታ ወንድሟ እግር ሥር ወረወረቻቸው።

የወንድምየው ፊት በርበሬ መሰለ። አንዱን አንሥቶ በአዲሱ ሱሪው አቧራው ላይ ተንበረከከ። «እኔው አስረዋለሁ!» አለ። ቡናማውን ፈትቶ ሰማያዊውን ጠመጠመው። ማሰሪያው አልደርስ አለው። ሳበው። እንደገና ጥርሱን ነክሶ ሳበው። ሙቀጫ እግሩ ተንቀጠቀጠ፤ አልተራገጠም ግን፤ ሰው ረግጦ አያውቅም። ማሰሪያው አምልጦት ሲፈታ የወንድምየው ጣቶች ቅልጥሙ ላይ አረፉ። ጠጉር ያልበቀለበትን፣ እንደ ቀለበት የዞረውን ጠባሳ ዳሰሱ።

ጠባሳውን በጣቱ ዙሪያውን ተከተለው።

«ይሄን ያደረግኩት እኔ ነኝ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ ገዛህ፣ እኔ አሰርኩ» አለች። «ሁለታችንም ነን።»

ሰማያዊውን ወደ ጎን ጣለው። ቡናማውን አነሣና ራሱ ያስርለት ጀመር። «ምን ያህል ላጥብቀው?» አላት።

«አንድ ጣት እስኪያስገባ። በስሱ።»

ጣቱን አስገብቶ አረጋገጠ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄደና «ወዳጄ፣ ገመድህን ይዘህ ሂድ። የሚሸጥ ፈረስ የለኝም» አለው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ አፈር እንደለበሰ ልጁን ሙቀጫ ላይ አውጥቶ፣ ልጓሙን በገዛ እጁ ይዞ በወላጆቹ ፊት ዞረ።

ዛሬ በዚያ ቢሮ ግድግዳ ላይ ሁለት ሲባጎ ተሰቅሏል፤ አንዱ ለውፍረት፣ አንዱ ለርዝመት። ሰባቱም ፈረሶች ተለክተዋል፤ የመከላከያዎቻቸው ቀለምም የተለያየ ሆኗል።

እኛም ጋጣ ይኑረን አይኑረን፣ በእጃችን ያደረ፣ አፍ አውጥቶ የማይናገር ፍጥረት አናጣም። ከመግዛታችን በፊት እንለካ፤ ካሰርን በኋላም እንዳስስ። «ይለምደዋል» የሚል ሰው ሲመጣም፣ አለቃም ይሁን ታላቅ ወንድም፣ እንደዚያች ሴት ፊት ለፊት ቆመን አሻፈረኝ እንበል።