እንኳን ደህና መጣችሁ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ መንገድ ቆረጠ፣ ድልድይ ወሰደ፣ እህሉን በማሳው አበሰበሰ። የጤና ቢሮው መኪና ገደል የገባውም ያኔ ነው። በመኪናው ወደ ገጠር የመሄድ ተራው የውብርስት ነበር። አሟት ስለነበር ባልደረባዋ ማንደፍሮ «አንቺ ተኚ፣ እኔ እሄዳለሁ» ብሎ በእሷ ፈንታ ወጣ፤ አልተመለሰም። ዓመታት ቢያልፉም ያን ውለታ በምን እንደምትከፍለው አላወቀችም።

ሥራዋ አድካሚ ነው። የገጠር ጤና ጣቢያዎች ኮምፒውተርም ብሮውዘርም አሮጌ በመሆኑ፣ የቢሮው ድረ ገጽ እነሱ ጋ ሲደርስ ይፈርሳል፤ ፊደሉ ይደራረባል፣ ቁልፉ ቢጫኑት አይሰማም። መስኮት በሌለው ዕቃ ቤት፣ ለሙከራ ከተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ፊት፣ የቆርቆሮውን ዝናብ እየሰማች አንዱን ስታቃና ሌላው ሲጣመምባት ትውላለች።

አንድ ጠዋት ገጹን ለመሞከር በስሟ ገባች። ገጹ ወንዱን «መጣህ»፣ ሴቷን «መጣሽ» እንዲል ነው የተጻፈው። «እንኳን ደህና መጣችሁ» አላት።

ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈለገች። «መጣችሁ» የሚል ቃል የትም የለም።

«አቶ ገረመው፣ ብቻዬን ሆኜ ገጹ በብዙ ቁጥር ይጠራኛል» አለች ለአለቃዋ።

ሳቁ። «ወፍረሽ ሁለት ሰው መስለሽው ነዋ! አንድ ሰው ብቻ እንዲያናግር አድርጊውና ገላግይን። ነገ ወደ ገጠር ይላካል።»

ስትመለስ ክፍሉ ጭቃና ናፍጣ ይሸታል። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሲያጓራ ቆይቶ ዝም አለ፤ ከጎኗ የሚሰማው ትንፋሽ ግን ዝም አላለም። ዞራ አላየችም። ደክሟታል፤ መፍራትም አቅም ይፈልጋል።

«ማንዴ፣ አንተ ነህ?»

ባዶው ወንበር፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ ሲጢጥ አለ።

ከፊቱ ስንት ሰው ቢኖርም ገጹ አንዱን ብቻ መርጦ እንዲያናግር አዲስ ትእዛዝ ጻፈች። እንደገና ከፈተችው።

«እንኳን ደህና መጣህ።»

ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ ልታነሳ ፈለገች፤ ጣቶቿ የሉም። በሩ ተከፈተ። አቶ ገረመው እሷን እንደ አየር አልፈው ከጎኗ ያለውን ወንበር ተመለከቱ።

«ማንደፍሮ፣ ጨረስክ?»

«ጨረስኩ» አለ አጠገቧ የደከመ ድምፅ።

«ነፍሷን ይማርና፣ ይህ የውብርስት ሥራ ነበር፤ ያን ቀን በተራዋ ሄዳ ከመኪናው ጋር ገደል ባትገባ ኖሮ» አሉ በሩን እየዘጉ፤ ውለታውም ተከፈለ።