የዘንገና ልጅ ፓስወርድ

በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንጅባራ ውስጥ ጤነኛ ስልክ ሁሉ ታመመ። ሰው ስልኩን እየያዘ ወደ ምሥራቅ ሱቅ ጎረፈ። ምሥራቅ ከመናኸሪያው ጎን፣ በቀርከሃ በተሠራች ክፍል ስልክ የምትጠግን ልጅ ናት። ሙያውን ያስተማራት የለም፤ የተበላሸ እየፈታች ለመደችው።

«ፌስቡክ አልከፍት አለኝ።»

«ስልክህ ደህና ነው።»

«ታዲያ የተበላሸው ምኑ ነው?»

ምሥራቅ ካቻቢቴዋን ወደ ላይ ትቀስራለች። ገሚሱ እግዜርን ያማች መስሎት ያማትባል። ገሚሱ ማንን እንዳለች ይገባውና ዙሪያውን ያያል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ዝግ ነው። እስከ መቼ ያለ የለም፤ ይቅርታ ያለም የለም። እማማ ዘውድነሽ ቤይሩት ያለች ልጃቸውን ፎቶ በየጠዋቱ ማየት ለምደው ነበርና፣ «ልጄ ምን አጥፍታ ነው የዘጉባት?» ብለው ጠየቋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሥራቅን ንዴቷ እንደ ጥርስ ሕመም አልለቅ አላት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ስልኩ እንዳልተበላሸ እያወቀ የሚመጣ አንድ ሰው አለ። ባንተአምላክ ይባላል፤ ዳንግላ የጂኦግራፊ መምህር ነው። በሚኒባስ ይመጣና «ድምጹ ይቆራረጣል» ይላል። ያለፈው ቅዳሜም ይቆራረጥ ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረውም። ምሥራቅ ትፈታዋለች፣ ትገጥመዋለች፤ የአምስት ደቂቃው ሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እሷ ብሎን ስትፈታ እሱ ጣቶቿን ያያል። ቀና ስትል ጣሪያውን ያያል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የሚታይ ነገር የለውም።

መጀመሪያ የተገናኙት ፌስቡክ ልትከፍትለት ነው። ስሙን ደብቆ በሐይቁ ስም «የዘንገና ልጅ» በይኝ አላት፤ አለችው። ፓስወርዱን፣ ለሁሉም ሰው እንደምታደርገው፣ የራሱን ስልክ ቁጥር አደረገችለት። ሰው የራሱን ቁጥር አይረሳም። ከግምጃ ቤት ከተማ እስከ አዘና ፌስቡክ ያስከፈታት ሁሉ ቁልፉ ይኸው ነው።

የዘንገና ልጅ ስለ መሬት፣ ስለ ሹመት፣ ስለ እስር ይጽፋል። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ በኋላም የሆቴል ዋይፋይ እያሳደደ፣ እሷ በጫነችለት ቪፒኤን ጻፈ። ማን እንደሆነ የሚያውቁት ምሥራቅና የሥራ ባልደረባው ቢሻው ብቻ ናቸው።

«ሰማሽ?» አላት አንድ ቅዳሜ። «ውጭ ያሉ ሃከሮች የመንግሥትን ድረ ገጾች ሊጥሉ ነው አሉ።»

«ይጣሏቸዋ። መቼ ከፍተናቸው እናውቃለን?»

«ነገሩ እሱ አይደለም። መዘጋት ምን እንደሚመስል ይቅመሱት!»

«እነሱ ሲቀምሱ እማማ ዘውድነሽ ልጃቸውን ያያሉ?»

«አንቺ ጭራሽ አትናደጂም?»

«እኔ?» ካቻቢቴው አፍንጫው ሥር ደረሰ። «ከነጋ ለሠላሳ ሰው ‹ስልክህ ደህና ነው› ብያለሁ፤ የኔን ንዴት ለኔ ተወው። ግን መምህር፣ የሰው በር ሊሰብር የሚሄድ መጀመሪያ የራሱን ይቀርቅራል።»

«የኔንማ የቀረቀርሽው አንቺ አይደለሽ?»

ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ያን ቀን ጣሪያውን አላየም።

ኅዳር ሲገባ ባንተአምላክ ሁለት ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ። ከዳንግላ የመጣ የሚኒባስ ረዳት «ከክፍል ጠርተው ወሰዱት፤ ተሐድሶ ሥልጠና ነው ይላሉ» አላት። ምሥራቅ ያን ሳምንት ሦስት ደህና ስልክ አበላሸች።

በሦስተኛው ሳምንት አድማሴ መጣ። አድማሴ አንድ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ፣ ሥራው ምን እንደሆነ የማይነገር፣ እሱ ራሱ ግን ለማውራት የማይሰንፍ ሰው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ሳታውቂ ለአገር ሠራሽ እኮ!» አላት የስልኩን መስታወት እስክትቀይርለት። «የዘንገና ልጅ ማን ነው ብለን ስንባዝን፣ ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የኔን ፌስቡክ የከፈትሽው በቁጥሬ አይደል? ጽሑፉ የመምህር ይመስላል ብለን የመምህራኑን ስልክ ዝርዝር ያዝንና አንድ በአንድ ሞከርን። አሥራ ሰባተኛው ላይ ብርግድ!»

ምሥራቅ መስታወቱን ገጥማ ሰጠችው። እሱ ከሄደ በኋላ መዝጊያውን ከውስጥ ቀርቅራ መሬት ላይ ተቀመጠች። ‹የቀረቀርሽው አንቺ› ሲላት የሳቀችውን ሳቅ መልሳ ልትውጠው ብትችል በወደደች።

ባንተአምላክ ከአርባ ቀን በኋላ ተፈታ። ማክሰኞ ነው የመጣው፤ ራሱን ተላጭቷል፤ «ድምጹ ይቆራረጣል» አላለም።

«ቢሻው ነው የሸጠኝ» አላት ገና ሳይቀመጥ። «ከሱና ካንቺ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ለመምህራኑ ሁሉ ነገርኳቸው። አሁን ሰላም የሚለው የለም፤ ብቻውን ነው የሚቀመጠው። ገና ምን አይቶ!»

ምሥራቅ ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? እሱ እንደሆነ ከአርባ ቀን በኋላ ፊቷን ትክ ብሎ እያየ ነው።

«እዚያ ሆኜ» አለ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ነገር ወስኜ ነው የወጣሁት። አንቺን...»

«አትናገር!» አለችው። «ቢሻው አይደለም። እኔ ነኝ።»

አድማሴ ያለውን ሳታስቀር ነገረችው። ውጭ አንድ ሚኒባስ «ጥሊሊ! ጥሊሊ!» እያሰኘ ሞልቶ ሄደ።

«ለማንም እንደምታደርጊው አደረግሽልኝ?»

«ለማንም እንደማደርገው።»

«እኔ ማንም ነኝ?»

«ያኔ ማንም ነበርክ! በኋላ ነው ማንም መሆን የተውከው። ያን ጊዜ ቀይረው ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።» እንባዋ መጣ፤ ንዴቷ ቀደመው። «ተቆጣኝ፣ መብትህ ነው። ግን ቁጣህን እኔ ላይ አትጨርሰው። በር መቀርቀር የረሳች ሴት አጥፍታለች፤ የገባው ግን ሌባ ነው። ስሙንም ሌባ በለው!»

ባንተአምላክ ተነሣ።

«ሱቁን ዝጊ።»

«ወዴት?»

«ዳንግላ። ለቢሻው አንቺው ራስሽ ትነግሪዋለሽ።»

በሚኒባሱ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ትከሻ ለትከሻ እየተገፉ፣ እስከ ዳንግላ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ከፊት የነበሩ አሮጊት ሁለት ጊዜ ዞረው አይተዋቸው፣ «ባልና ሚስት ናቸው» አሉ ለጎረቤታቸው። ያስተባበለ የለም።

ቢሻው በሩን ግማሽ ከፍቶ ቆመ። ግቡ አላለም። ምሥራቅ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማ ለሁለተኛ ጊዜ ተናገረች። ቢሻው ሰምቶ ሲያበቃ ባንተአምላክን አየው።

«አንተን እነሱ አሰሩህ። እኔን ማን አሰረኝ?»

«እኔ» አለ ባንተአምላክ። ጎንበስ ብሎ የቢሻውን ጉልበት ያዘ። «ነገ ጠዋት ስታፍ ሩም ገብቼ፣ ሁሉም ባለበት እናገራለሁ። ይቅር በለኝ።»

ቢሻው ቶሎ አላነሣውም። ሲበቃው አነሣው።

«ይህችስ ማን ናት?»

«ያሳሰረችኝ ናት።» ባንተአምላክ ትንፋሹን ሳበ። «የማገባትም እሷን ነው።»

«ማን ጠይቆኝ?» አለች ምሥራቅ።

«አልጠየቅካትም?» አለ ቢሻው።

ባንተአምላክ ወደ እሷ ዞረ። ዓይኑ ከንዴት ቀልቷል። «ታገቢኛለሽ?»

«በቁጣ ነው እንዴ የሚጠየቀው?»

«ቁጣዬ እስኪበርድ ከጠበቅሽማ፣ ይቺ አገር ሳንጋባ ታስረጀናለች።»

ቢሻው መንገዱን ግራ ቀኝ አየና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። «ግቡና ውስጥ ተጣሉ። ጎረቤት ይሰማል።»

ምሥራቅ ደፉን ተሻግራ ዞር አለች።

«አገባሃለሁ» አለችው። «እንዲሁ እንደተናደድክ።»