የሙዚየሙ ገብስ

ኑርሀያት ከአምባሰል ወርዳ ሐይቅ ከተማ የመጣችው ለእርዳታ ስንዴ ነበር። ስንዴው ይመጣል ተባለ፤ ቆየና አልቋል ተባለ። ፀሐዩ ሲጠናባት ከአንዲት ባለ አንድ ክፍል ቤት በረንዳ ተጠለለች። ቤቲቱ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የተከፈተች ሙዚየም ነበረች።

ጠባቂው ዘይኑልአቢዲን የሚባል ቀጠን ያለ ወጣት ነው። ግቢ አላት፤ ገባች። ወይ ጉድ! ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ጎምቦው፣ ሌማቱ፣ ሁሉም በወረቀት ስሙ ተጽፎለት ተደርድሯል።

«ይሄማ የኛ ቤት ነው» አለች። «እኛንስ መቼ ነው የምትደረድሩን?»

ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ከዓይኗ መንቀል አቃተው፤ እሷም መሄጃዋ ጠፋት። ረኀብ ፍቅርን ያስረሳል የሚል ሰው ካለ፣ እሱ ተርቦ አያውቅም።

ስንዴውን እያመካኘች ትመላለስ ጀመር። ዘይኑልአቢዲን ሽማግሌ ቢልክ አባቷ ኑርዬ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ እዚህ ነገ የትም ነው፣ ልጄን አልሰጥም ብሎ መለሰበት።

አምባሰል ላይ ግን ዘር የሚባል ነገር አልቆ ነበር። ኑርዬ ዘር ካገኘ በልግን ጠብቆ ከመሬቱ አይነቃነቅም፤ ካጣ ሰፈራ ይመዘገባል። ኑርሀያት ይህን ስትነግረው ዘይኑልአቢዲን ከመደርደሪያው ትልቁን ቅል አወረደ። ውስጡ የዘር ገብስ ሙሉ ነው፤ ለማሳያ ብሎ ከሟች እናቱ ቤት ያመጣው። ነጠላዋ ላይ ገለበጠላት።

«ዝሩት» አላት። «አንቺም ቅሪልኝ።»

ደመናው መጣ፤ ሳያካፋ ሄደ። አንድ ጧት የሚቆላ ገብስ ሽታ ቀሰቀሳት። አባቷ ዘሩን በገዛ እጁ ይቆላል፤ ልጆቹ እሳቱን ከበው ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ቆንጥሮ ሲሰጣት በላች፤ ምን ታድርግ፣ ርቧታል። እያኘከች አለቀሰች።

እነኑርዬንና ሌሎቹን ሰፋሪዎች የጫኑት መኪናዎች ሐይቅ ላይ ሲቆሙ፣ ዘይኑልአቢዲን ወሬውን ሰምቶ ልብሱን ጠቅልሎ ይጠብቃል። የሰፋሪው ኮታ ገና አልሞላም ነበርና ሲሳፈር የከለከለው የለም። አበድክ እንዴ፣ ደሞዝህን ጥለህ፣ አለችው ኑርሀያት ቀስ ብላ። እሱ የሚያየው አባቷን ነበር።

ኑርዬ አንገቱን ደፋ። «ልጄ፣ ዘርህን በልቼብሃለሁ» አለው።

«እንኳን በላችሁት፣ አባባ። አሁን ልጅዎን ይስጡኝ።»

ከተጫነው ሰው መሀል አንድ ሼህ ነበሩ። ኒካሁን ለማሰር መህሩን ጠየቁ፤ ለሙሽራዪቱ የሚሰጣትን ማለታቸው ነው። ዘይኑልአቢዲን ባዶ እጁን አየ።

«ተቀብለናል» አለ ኑርዬ። «ገብስ ነበር።»

ሼሁ ወደ ኑርሀያት ዞሩ። መህሩ የአንቺ ነውና፣ ደርሶሽ እንደሆነ ከአንደበትሽ ልስማ አሏት።

«ደርሶኛል» አለች። «በልቼዋለሁ።»

እልል የሚል አልተገኘም። ሼሁ ዱዓቸውን ሳይጨርሱ መኪናው ተነሣ።