ብቻውን የተመለሰ ጫማ

ሰውየውን ከጋኑ ሲያወጡት ባዶ እግሩን ነበር። የሳሙና ፋብሪካው ሠራተኞች ጋን የሚሉት ሳሙና የሚያቦካውን፣ ረጅም ሰው ገብቶ የሚቆምበትን ትልቅ ብረት ነው። ሆዱ ውስጥ የሚሽከረከር መቅዘፊያ አለው፤ ሰው የደረቀ ሳሙና ሊፍቅ ሲገባ ሞተሩ ይጠፋል። ያን ቀን ግን ሰው ውስጡ እያለ ሞተሩ ተነሳ። የሞተው የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ ሞተሩን ያስነሳችው ደግሞ የገዛ እህቱ ናት። ከዚህ የባሰ ምን ይምጣ!

መርማሪዋ ስትደርስ ነገሩ በአለቆች አፍ አልቆ ደቆ ጠበቃት። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። የሚወዷት ዱቄቱን ከገለባው ስለምትለይ ነው ይላሉ፤ የማይወዷት ደግሞ የያዘችውን ሁሉ ስለምታንዘፈዝፍ ነው ይላሉ። ሁለቱም አልዋሹም።

«ያሳዝናል ወይዘሮ» አለ ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን እየወለወለ። «ግን ጥፋቱ የራሱ ነው። ጫማ ሳይሰቅል ገባ፣ እህቱም ሳታጣራ አስነሳች። አንዱ ቸልተኛ፣ አንዷ ጥድፊያ የያዛት።»

«ጫማ መስቀል ደግሞ ምንድን ነው?»

ካቦው፣ ጉሮሮው ከሞተር ጋር ሲጮህ የሻከረ ሽማግሌ፣ ቀረብ አለ። «ሳሙናው ስለሚያንሸራትት ጋን የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል፣ ወይዘሮ። ሁለቱን በማሰሪያቸው ያቋጥርና የሞተሩ እጀታ ላይ ይሰቅላቸዋል። ጫማ የተሰቀለበትን እጀታ የሚነካ የለም። የተሰቀለው ነፍስ ነዋ!»

«በዚህ ዘመን? ቁልፍ የላችሁም?»

«ስንገባ እጀታውን የምንቆልፍበት ጓጉንቸር ለየሰዉ ግዙልን እያልን ስንጮህ ኖርን። ዛሬ ከምሳ በኋላ ልንሰበሰብ ነበር፤ ቁልፍ ካልተገዛ ሥራ እናቁም ብለን ድምፅ ልንሰጥ።»

«በጀት የሚባል ነገር አለ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ገባኝ። ሰው ነው ርካሹ» አለችው።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው። «ቀላል አደጋ ነው አሉ፤ እህትየዋን ይዘሽ ነይና እንዝጋው» አላት። ወንፊት ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ከጆሮዋ አራቀችው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ጥፋቱ የሟቹ ነው ከተባለ ለሚስቱና ለልጆቹ ካሳ የለም፣ የቁልፉም ነገር አብሮ ይቀበራል፣ ወንድሟን ያጣችው ሴት ደግሞ እስር ቤት ትገባለች። ለማን ነው የሚቀለው?

ወደ ሬሳው ሄዳ ጨርቁን ከእግሩ በኩል ገለጠች። ውስጥ እግሩን አገላብጣ አየች። ሳሙና ከመለጠፉ በቀር ጭረት እንኳ የሌለው ንጹህ እግር ነው።

እህቱ ግድግዳ ተደግፋ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች፣ የሌላ ሰው እጅ እንደያዘች።

«የኔ ልጅ፣ እጀታውን አይተሽ ነበር?»

«አይቻለሁ እትዬ! ካቦው "ሞተር!" ብለው ሲያዙ ወደ እጀታው ቀና አልኩ፣ ባዶ ነው፤ የገባው ወጥቷል ብዬ አስነሳሁ። ተራው የወንድሜ የጋሼ አልነበረም። ተራው የደረሰው ሰውዬ ወገቤን አመመኝ ቢለው "አንተ ተቀመጥ" ብሎት ነው የገባው። ለሰው ሲል! ይኸው በእኔ እጅ…»

«ጫማውስ የት ተገኘ?»

«ልብስ መቀየሪያው ክፍል፣ አግዳሚ ወንበሩ ሥር።»

ከጋኑ ወደ ልብስ መቀየሪያው የሚወስደው አንድ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ነው። ወንፊት እግሯን ስታነሳ ካቦው ጮኸባት፤ «ይጠንቀቁ! ከጠዋት ጀምሮ የሳሙናው ሶዳ ፈሶበታል፣ አሸዋ አምጡ ብል የሚሰማኝ አጣሁ። የጫማ ሶል ይበላል፣ ሥጋማ ሲያገኝ ጉድ ነው።»

«ባዶ እግሩን የሚያልፍ ይኖራል?»

«እብድም አያልፍም!»

አግዳሚው ሥር ጫማዎቹን አገኘቻቸው። ሶላቸው ርሶ ተበልቷል፤ ማሰሪያቸውም እርስ በርሱ እንደተቋጠረ ነው። 

የማኅበሩ ምክትል ሊቀመንበር በዚያ ሙቀት ኮቱን ቆልፎ መጣ። ድሮ ጋን ፋቂ የነበረ፣ አሁን ለማኅበሩ ሥራ ቢሮ የተሰጠው ሰው ነው። ቀኝ ጎኑን ያካል።

«አንተ የት ነበርክ?»

«ቢሮ ነበርኩ። ጩኸት ሰምቼ እንደ ሰዉ ሁሉ በመተላለፊያው ሮጥኩ።»

«ሶዳው ላይ ወደቅህ እንዴ?»

«ኧረ! መጨረሻ ደርሼ በር ላይ ነው የቆምኩት።»

«ልብስ መቀየሪያውስ?»

«ዛሬ ደጃፉንም አልረገጥኩ።»

«ሊቀመንበሩ ስብሰባው ላይ ባይደርስ ማን ይመራ ነበር?»

ምክትሉ ጎኑን አከከ። «እኔ… ምክትል እኔ ነኛ።» ሥራ አስኪያጁ ግድግዳ ግድግዳውን አየ።

ወንፊት ሁሉንም ጋኑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ሠራተኞቹ ከኋላ ተኮለኮሉ።

«እስቲ ስሙኝ» አለች። «ሟቹ ጫማውን ልብስ መቀየሪያው ትቶ በባዶ እግሩ መጣ ነው የተባልኩት። ባዶ እግሩን መጥቶ ቢሆን ሶዳው በልቶት ነበር፤ እኔ ግን ውስጥ እግሩን አይቻለሁ፣ ንጹህ ነው። እንግዲያስ ጫማውን አድርጎ መጥቷል። ማሰሪያውም ተቋጥሯል። ለአግዳሚ ሥር ብሎ ጫማ የሚያቋጥር አለ?»

«የለም! እጀታው ላይ ሰቅሎታል!» አለ ካቦው።

«ሰቅሎታል። ከዚያ ጫማው ብቻውን ተመለሰ፤ እግሩ ግን አልተመለሰም። ጫማ ብቻውን አይሄድም፣ ሰው ይዞት ነው። ማን? ሁላችሁም ለእርዳታ ስትሮጡ ሶዳውን ረግጣችኋል፣ ሶላችሁ ተበልቷል፤ በሱ አልፈርድም። እግር ይረግጣል። ብብት ግን አይረግጥም።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ኮትህን አውልቅ።»

«በሰው ፊት?»

«ሰውም በሰው ፊት ነው የሞተው። አውልቅ!»

ከኮቱ ሥር ሸሚዙ ብብቱ አጠገብ ተበጣጥሷል፤ ቆዳው ቀልቶ አብጧል። ሠራተኞቹ ተንጫጩ።

«አልወደቅሁም ያልከኝ አንተው ነህ። ርጥብ ጫማ ሰው እንዳያይብህ ኮትህ ውስጥ ሸጎጥክ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ የአንተስ ብብትህ ራሱ ጣለህ።»

ምክትሉ ኮቱን ደረቱ ላይ ይዞ ጮኸ። «ልገድለው አይደለም! እንዲዘገይ ብቻ ነው! ሲወጣ ጫማ ሲያጣ ሶዳውን አያልፍም ብዬ… እስከዚያ ስብሰባውን ከፍቼ ድምፅ መስጠቱን ለሌላ ቀን ላስተላልፈው… ካቦው ሞተር እንደሚሉ እንዴት ልወቅ?»

«እንዴት ልወቅ?» አለች እህቱ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «አንተ ራስህ ስንት ጊዜ ጫማህን ሰቅለህ ገብተሃል? ስንት ጊዜ ጠብቄሃለሁ?»

«ረሳሁት… ወንበር ላይ ከወጣሁ ወዲህ… ጫማ ብቻ መሰለኝ።»

እህቱ ፊቷን ከሱ አዞረች።

«እኔ ብቻ አይደለሁም!» አለ ደግሞ ወደ ሥራ አስኪያጁ እየጠቆመ። «እኚህ ናቸው "ስብሰባው ዛሬ ባይሆን ደስ ይለኛል" ያሉኝ!»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አጠለቀ። «ደስ ይለኛል አልኩ። ጫማ ስረቅ አልኩህ?»

ወንፊት ጥርሷን ነከሰች። «ደስ ይለኛል» የሚል ቃል እጅ የለው፣ ካቴና አይገባለት። ስንቱን ዓመት የያዘችው እንዲህ ያለውን ተላላኪ ነው፤ ላኪው ሁልጊዜ መነጽሩን ወልውሎ ይሄዳል። ምክትሉን ለፖሊሶቹ አስረከበችና እህቱ ዘንድ ሄደች።

«አንቺ የለሽበትም። ወንድምሽም ደንቡን ጠብቆ ነው የሞተው። ይህን ካንቺ የሚነጥቅ ቢመጣ እኔን ጥሪኝ፤ ካሳውንም እንዲሁ።»

ልጅቱ እጆቿን ማየቷን አልተወችም።

«እንግዲህ ነገሩ ከተጣራ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «ደንበኛ እየጠበቀ ነው። ካቦ፣ ሥራ አስጀምር።»

ካቦው አፉን ከፈተ። «ሞተር!» የሚለውን የለመደ ቃል ግን መልሶ ዋጠው። እህቱ ተነስታ ሄደችና እጀታው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። «ይህን የሚነካ በእኔ ላይ ተራምዶ ይንካ። ለየሰዉ ቁልፍ እስኪመጣ እዚሁ ነኝ።»

ካቦው ቆቡን አውልቆ እየቃተተ አጠገቧ ተቀመጠ። ወገቡን የሚያመው ሰውዬ ተከተለ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፤ ወለሉ ሞላ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ወይዘሮ፣ ሕግ አይደሉም እንዴ? አስነሷቸው እንጂ!»

ወንፊት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«እኔ የተጠራሁት ለሞተ ሰው ነው» አለችው። «እነዚህ በሕይወት አሉ።»