የከሰዓቱ ፈረቃ

«የሥራ ልምድዎ?» አለች ሪናድ፤ የአባቷን መነጽር አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰክታ፣ ድምጿን እያጎረነነች።

እናቷ ሙኒራ ሶፋው ጠርዝ ላይ እንደ ተፈታኝ ተቀምጣለች። «ልምድ እንኳ የለኝም።»

«እማዬ፣ እንዲህ ካልሽማ በሩን ነው የሚያሳዩሽ። በየሳምንቱ ቤት ሙሉ ዘመድ ታስተናግጂ የለ? እሱን ንገሪያቸው።»

«እሱም ልምድ ነው?»

«መንትዮቹን ወንድሞቼን እንደምታሳድጊ ከነገርሻቸው ደግሞ አለቃ ያደርጉሻል።»

ሪናድ ሕፃን ሳለች በሳዑዲዋ ሁፉፍ ከተማ ዳር ያለው ሰፈራቸው አሸዋ ብቻ ነበር። አሁን ቤት በቤት ላይ ተደርቦ፣ ትምህርት ቤቱ ሞልቶ፣ አዲስ ክሊኒክ ተከፍቷል። የጎረቤት ሴቶችም አንዷ ባንክ፣ ሌላዋ ባቡር ጣቢያ እየተቀጠሩ ሙኒራ ብቻ ቀርታ ነበር። ስለዚህ ለክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይነት አመለከተች፤ ቃለ መጠይቁንም ደህና ተወጣችው።

ሳምንት ሳይሞላ፣ እሷ የዓስርን ሰላት ስትሰግድ ስልኳ ጮኸ። ሪናድ አነሳችው።

«ከክሊኒኩ ነው፤ ወይዘሮ ሙኒራ ነዎት?»

«ልጇ ነኝ፤ እየሰገደች ነው።»

«ያለን የከሰዓት ፈረቃ ብቻ ነው በያት። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ ካልደወለች ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን።»

ከሰዓት! የሪናድ የመረብ ኳስ ልምምድም ከሰዓት ነው። ለትምህርት ቤቱ ቡድን ከተመረጠች ገና ወር አልሞላትም። እናቷ ሥራ ከገባች መንትዮቹ በማን እጅ እንደሚወድቁ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ጥሪውን ከስልኩ ላይ ብታጠፋው ደግሞ ማንም አያውቅባትም። ጣቷ ቁጥሩ ላይ ደርሶ ቆመ።

ከሳሎን የእናቷ ድምፅ ተሰማ። ሙኒራ ሰላቷን ጨርሳ ከአንደኛው መንትያ፣ ከትንሹ ሚሽዓል ፊት ተንበርክካለች።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ። ቀጠሮ አለዎት?»

«ብስኩት!» አለ ሚሽዓል።

«እሺ፣ ተራዎን ይጠብቁ።»

ሪናድ ሳቋ አመለጣት። ስልኩን ይዛ ገባች።

«እማዬ፣ ከክሊኒኩ ደውለው ነበር። ተቀብለውሻል፤ ግን ከሰዓት ነው። እስከ መግሪብ መልሺላቸው።»

የሙኒራ ፊት በራ፤ ወዲያው ደግሞ ደብዘዝ አለ። «ልምምድሽስ?»

«ልምምዴን አልተውም። አባዬ አለ አይደል? ከምሳ በኋላ ካርታ ከመጫወት ሌላ ምን ሥራ አለው?»

«አባትሽ?» ሙኒራ አፏን በእጇ ያዘች። «እሱ እኮ ሚሽዓልንና ናዋፍን እስካሁን ያምታታቸዋል።»

«ይለምዳላ።»

ሪናድ ስልኩን ለእናቷ ሰጥታ የራሷን አወጣችና ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«አባዬ፣ የት ነህ? አይ፣ ሁላችንም ደህና ነን። ዛሬ ቶሎ ግባ፤ የሽንት ጨርቅ መቀየር ላሳይህ ነው።»

ከሳሎን በኩል ሙኒራ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ተሰማ።

«አዎ እመቤቴ፣» አለች፤ «ከሰዓት ይመቸኛል።»