የኢቲሳም ኡርዱ

«ዙልፊና ሳምቡሳ» አለች ሳምሪ፣ ሦስት ጣቶቿን ወደ ላይ አንስታ።

ከኋላዋ የቆመችው ኢቲሳም መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። «ዙልፊና» በኡርዱ ቋንቋ «ሰጠ» ማለት ነው። ቢያንስ ሳምሪ እንደዚያ ታምናለች። እውነቱን ለመናገር ቃሉ በየትኛውም ቋንቋ ምንም ማለት አይደለም፤ ኢቲሳም ባለፈው ሳምንት አልጋዋ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ እርሳሷን እያኘከች የፈጠረችው ነው። ሳምቡሳውን የምትጠብሰው ሀውራ ደግሞ ዱባይ ውስጥ ከአንድ የፓኪስታን ቤተሰብ ቤት ዘጠኝ ዓመት ምግብ አብስላ፣ ገና ባለፈው ወር ወደ ሐይቅ ከተማ የተመለሰች ሴት ናት።

ሀውራ ጭልፋዋን ከዘይቱ በላይ እንዳንጠለጠለች ሁለቱን ልጆች በየተራ አየቻቸው።

«ቤቲ፣ ክያ ቻሂዬ?» አለች፤ በእውነተኛው ኡርዱ «ልጄ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» ማለቷ ነው።

ሳምሪ ወደ ጓደኛዋ ዞረችና ቤቲ ማን እንደሆነች በሹክሹክታ ጠየቀቻት። ኢቲሳም ዓይኗን ሳታሽ፣ የሌላ ክፍለ ሀገር ኡርዱ ስለሆነ ትንሽ ይለያል አለቻት። ሳምሪም በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች። ሀውራ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። ሦስቱን ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ለሳምሪ ሰጠቻትና ማሻአላህ፣ ጎበዝ ነሽ ብላ አሞገሰቻት። ለኢቲሳም ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንቺ ነገ ብቻሽን ነይ» አለቻት።

ነገሩ የጀመረው በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህር ፈንታሁን የዘጠነኛ «ለ» ተማሪዎችን ሁለት ሁለት አድርገው አቧደኑና፣ የአማርኛን ተሻጋሪና ኢተሻጋሪ ግሦች ከሌላ ቋንቋ ጋር እንዲያነጻጽሩ አዘዙ። «በላ» የሚበላ ነገር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ተሻጋሪ ነው። «ተኛ» ግን ከማንም ምንም አይፈልግም፤ ዝም ብሎ ይተኛል። ሥራው ከሃያ የሚታረም ነበር። ሐይቅ እስጢፋኖስ የቄስ ትምህርት የቀሰሙት ልጆች ግዕዝን ተሻሙ። መድረሳ የሚቀሩት አረብኛን ወሰዱ። ኦሮምኛም ወዲያው ባለቤት አገኘ፤ እንግሊዝኛ እንኳን ወዳጅ አላጣም። ተራው ኢቲሳምና ሳምሪ ዘንድ ሲደርስ ቋንቋ አልቋል። ያኔ ነው ኢቲሳም «ኡርዱ» ያለችው። ወንድሟ ከሚያያቸው ፊልሞች እንደተማረችው ጨመረችበት።

በእርግጥ አጀማመሯ የሐቅ ነበር። በወንድሟ ስልክ ፈልጋ አንድ ገጽ አገኘች። በኡርዱ ያለፈ ድርጊት ሲነገር፣ ግሡ ተሻጋሪ ከሆነ ከአድራጊው ስም ቀጥሎ «ኔ» የምትባል ቃል ትገባለች፤ ኢተሻጋሪ ከሆነ ግን አትገባም ይላል። ይህን ጻፈች። ከዚያ ዳታው አለቀ። ግሦቹ «ና» እያሉ እንደሚያልቁ አስተውላ ስለነበር፣ ያገኘችው ነገር ጫፍ ላይ ሁሉ «ና» መለጠፍ ጀመረች። «ዋኘ» ከአርዲቦ ሐይቅ ስም አርዲብና ሆነ። «ተሳፈረ» መኪና ከሚሄድበት ከተማ ስም ውጫልና ሆነ። ሳምሪ አንድ ጊዜ ተጠራጥራ የእኛን አገር ስሞች አይመስሉም ወይ ስትላት፣ ቋንቋ ሁሉ ዘመድ እንደሆነ በሰፊው አስረዳቻት።

ለመሆኑ ሐይቅ ውስጥ ኡርዱ የሚያውቅ ማን አለ? ኢቲሳም ያሰበችው ይህንን ነው። ከአረብ አገር የተመለሰ ሰው የሌለበት ሰፈር ፈልጎ ማግኘት እንደማይቻል፣ የገዛ ጎረቤቶቿም ሦስቱ ከጅዳ የመጡ መሆናቸውን ጨርሶ ረስታዋለች።

የረሳችው ሌላ ነገር ሳምሪን ነው። ሳምሪ ስምንተኛን ደግማ ያለፈች፣ ሰሌዳ ፊት ስትቆም ድምጿ የሚጠፋ ልጅ ናት። አሁን ግን በዶሮ ጩኸት እየተነሳች ሃምሳ ሁለቱንም ግሦች ሸመደደቻቸው። ክፍል ውስጥ አንድም ሳትስት ስታቀርብ ተማሪው በሙሉ አጨበጨበላት። መምህር ፈንታሁንም ተደስተው ሁለቱን ለወላጆች ቀን መረጧቸው። ይባስ ብለው ደግሞ ኡርዱ ታውቃለች ብለው ሀውራን በክብር እንግድነት ጋበዙ። ሳምሪ እስከ ሳምቡሳ ቤቱ ድረስ ኢቲሳምን እየጎተተች የመጣችው ከእንግዳዋ ጋር ቀድማ ለመለማመድ ነው።

በማግስቱ ኢቲሳም ብቻዋን መጣች። ሀውራ ግሦቹ የተጻፉበትን ወረቀት ተቀብላ ማንበብ ጀመረች። ውጫልና ላይ ስትደርስ መሳቅ ጀመረች፤ አርዲብና ላይ ስትደርስ እንባዋን በሻሿ ጠረገች።

«አብሽሪ» አለቻት ሀውራ በመጨረሻ። «ቅዳሜ እመጣለሁ። እሷ ስትል እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ማን ያውቅብሻል?»

ኢቲሳም ጉንጯን ልትስማት ቃጣት። ሀውራ ግን ወደ መጥበሻዋ ተመልሳ፣ ሳምቡሳዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጠች ቀጠለች። «ትናንት ከሄዳችሁ በኋላ ልጅቷ ተመልሳ መጥታ ነበር። ዱባይ ብሄድ እነዚህ ቃላት ይጠቅሙኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት፣ እቴ ሀውራ?»

«ዘይቴ እየተቃጠለብኝ ነው አልኳት።»

ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ሜዳ በወንበር ተሞላ። የሳምሪ እናት ወይዘሮ ባንቺአየሁ አረሟን ትታ፣ ከአርዲቦ ማዶ በእግሯ ገስግሳ መጥታ ጃንጥላዋን እንደዘረጋች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ሀውራ አለች። ኢቲሳምን ስታያት ጠቀሰቻት። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

«እናቴ ትምህርት ቤት ስትመጣ ይሄ ሁለተኛዋ ነው» አለች ሳምሪ፣ የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች። «የመጀመሪያው ስወድቅ ተጠርታ ነው።»

ኢቲሳም ሁለቱንም መዘነች። ብትናገር ሳምሪን እናቷ ፊት ማዋረዷ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ይህች ልጅ ሃምሳ ሁለት የውሸት ቃል ተሸክማ አንድ ቀን እስከ ዱባይ ትሄዳለች፤ እዚያም ሰው ይስቅባታል። ዝም ማለት ይቀል ነበር። በጣም ይቀል ነበር።

«ሳምሪ፣ ቃላቱ የውሸት ናቸው» አለቻት። «እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። ደንቡ ብቻ ነው እውነት።»

ሳምሪ ጣቶቿ ነጠላው ላይ እንዳሉ ቀሩ። «ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አርዲብናም?»

«አርዲብናም።»

«አርዲብናን እንኳ ጠርጥሬ ነበር» አለች ሳምሪ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በዶሮ ጩኸት እየተነሳሁ እኮ ነው። እንደዚህ ትፎግሪኛለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

ስማቸው ተጠራ። ሳምሪ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ኢቲሳም ብቻዋን ወጣችና ማይኩን ያዘች። ግሦቹን ራሷ እንደፈጠረቻቸው፣ ሳምሪ ምንም እንደማታውቅ፣ ማርክ የሚቆረጥም ከሆነ ከእሷ ብቻ እንዲቆረጥ ተናገረች። ከኋላ በኩል አንዱ ሲስቅ ሌላውም ተከተለው። መምህር ፈንታሁን መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ኢቲሳም ፊቷ እንደጋለ ልትወርድ ስትል ማይኩ ከእጇ ተነጠቀ።

ሳምሪ ነበረች። ኢቲሳምን ዞር ብላም አላየቻትም።

«እናቴ ከአርዲቦ በእግሯ ነው የመጣችው» አለች ወደ ሕዝቡ። «ያጠናሁትን ሳልል አልመልሳትም።»

ከዚያም ጀመረች። ከዙልፊና ተነስታ፣ ተሻጋሪውን ከኢተሻጋሪው እየለየች፣ «ኔ»ን በቦታዋ እያስገባች ወረደችው። አርዲብና ላይ ስትደርስ በሁለት እጇ ዋኘች። ውጫልና ስትል ከኋላ የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ፉጨታቸውን ለቀቁት። ሰሌዳ ፊት ይጠፋ የነበረው ድምጿ እስከ በሩ ይሰማ ነበር። ወይዘሮ ባንቺአየሁ የትኛው ውሸት የትኛው እውነት እንደሆነ የገባት አይመስልም፤ ልጇ ትንፋሽ ለመውሰድ ባረፈች ቁጥር እልል ትላለች። ራሷን ልትነቀንቅ የመጣችው ሀውራ ሻሿን አፏ ላይ ጠቅጥቃ በሳቅ ትንፈቀፈቃለች።

ለሳምሪ ሃያ ከሃያ ተሰጣት። ለኢቲሳም መምህር ፈንታሁን ትንሽ አሰቡና፣ ለደንቡ ብለው ሁለት ማርክ ጣሉላት። ሳምሪ ከመድረኩ ወርዳ እንደ መብራት ምሰሶ አልፋት ወደ እናቷ ሄደች። ኢቲሳም አልተቀየመችም። የሚገባት ይኸው ነው። ቢሆንም አንገበገባት።

ወንበሮቹ መሰብሰብ ሲጀምሩ ወረቀቷን በጀርባው ገለበጠችው። ከአንድ እስከ ሃምሳ ሁለት ቁጥር ጻፈችበትና ሀውራ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

«እቴ ሀውራ፣ አጠበ በኡርዱ ምንድነው?»

«ዶና» አለች ሀውራ። «ወላሂ ይሄኛው የእውነት ነው። ስንት ሳህን አጥቤበታለሁ።»

«ተኛ?»

«ሶና። እሱን እንኳ ብዙም አልሠራሁበትም። ምን ልታደርጊው ነው?»

ኢቲሳም ሁለቱንም በጥንቃቄ ጻፈች። ቀና ስትል ሳምሪ የእናቷን ጃንጥላ ይዛ ከበሩ ስትወጣ አየቻት። ስሟን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ግን ተወችው። ገና ሃምሳ ቃል ይቀራታል።